ለክቡር መጠይቅ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ተመስገን» በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ቅዳሜ ጧት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል፣ በአንድ ትሑት ወጣት ታብሌት ውስጥ ሆነው ቤታችን ስለገቡ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው» የተባለለት ጉብኝትዎ በረካው አልቆ ስኒው እስኪታጠብ ድረስ ዘልቋል፤ ቅሬታዬ ግን ስለ ሰዓቱ አይደለም።

ወጣቱ እናቴን «በአጠቃላይ ጤንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?» ሲላት፣ እጇን ከሚያማት ጉልበቷ ላይ ሳታነሳ «ተመስገን» አለችው። ታብሌቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ቢያንሸራትተው «ተመስገን» የሚል ምርጫ አጣ። ደግሞ ሲጠይቃት «ኧረ ተመስገን ልጄ፣ ስንት የባሰ አለ» ብላ አጠናከረችለት፤ እሱም «ጥሩ» የሚለውን ነካ። ሦስት ዓመት ሐኪም ቤት ተመላልሳ ያላገኘችውን ፈውስ በአንድ የጣት ንክኪ ስለሰጧት ቤተሰባችን ውለታዎን አይረሳም፤ ማታ ማታ ማቃሰቷን ግን አልተወችም።

ቀጥሎ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው ባለ አምስት እርከን መለኪያ መጣ። «ባገኘሁት ሕክምና ረክቻለሁ» ሲላት «በጣም እስማማለሁ» አለች። ከአራት ጥያቄ በኋላ «ባገኘሁት ሕክምና አልረካሁም» ሲላትም ቡናውን እየቀዳችለት «በጣም እስማማለሁ» አለች፤ ቤቷ የመጣን እንግዳ፣ ያውም የሰው ልጅ ደክሞት፣ «አልስማማም» ማለት እሷ ዘንድ ነውር ነው።

የውሃውን ጥያቄ እኔ ነኝ የመለስኩት። ቧንቧችን በግቢያችን ውስጥ በመሆኑ እውነቱን ተናግሬ ከታደሉት ወገን ተመደብን። ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መምጣቱን የሚቀበል ሳጥን ስላልነበረዎት፣ ወጣቱ በር ላይ የተደረደሩትን ስምንት ቢጫ ጄሪካኖች ተሻግሮ እንደገባ ሁሉ ተሻግሯቸው ወጣ።

ስለ ቁጥርዎ፣ ማለትም ስለሚጠይቋቸው ሰዎች ብዛት፣ ደግሞ ላንሳ። በአገራችን የጤና ሳይንስ መመረቂያ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው 423ን እንደ ስሙ ያውቀዋል፦ የሚጠናው ጉዳይ ከመቶው ስንቱ ሰው ላይ እንደሚገኝ ካልታወቀ 50 በመቶ ይወሰዳል፣ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን 384 ይመጣል፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲታከል 423 ይሆናል። ስለ ወባም ይጠና ስለ ጭንቀት፣ ጎንደርም ይሁን ጅማ፣ ያው 423። ቀመሩ ጥፋት የለበትም፤ ሰዎቹ በዕጣ መመረጣቸውን አስቀድሞ ያምናል እንጂ። ወጣቱ ሲሰናበት እንደነገረን ግን ዕጣው የወጣው ከኋላችን ላለው ቤት ነበር፤ ውሻ ስላለው ነው እኛ ጋ የመጣው።

ክቡርነትዎ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የደረሰብዎትን ሳይረሱት አይቀሩም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ልኮዎት፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስበው በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበዩ፤ ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ያን ጊዜ አድራሻ የተለቀመው በአመዛኙ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ውሻ ከሌለው ቤት ሆኗል።

ስለሆነም በሚቀጥለው ሲመጡ «ተመስገን» ለሚለው መልስ ሁለት ሳጥን፣ አንዱን ለደኅናው አንዱን ለታመመው፣ አዘጋጅተው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቡናው እንደ ወትሮው ይፈላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ዕጣ ለወጣለት ቤት (ውሻው ሲታሰር የሚደርስ)