ሰዓቱ ተጽፎ እያለ!

ደግሞ ሌላ መኪና ወደ እንግሊዟ ሊንዲስፋርን ደሴት በሚያሻግረው መንገድ ላይ ውኃ ዋጠው! ስንት ጊዜ ይነገር? ባሕሩ አስፋልቱን በቀን ሁለቴ ይሸፍናል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። የመሻገሪያው ሰዓት ታትሞ ወጥቷል፤ ማንበብ ምን ይከብዳል? «ትንሽ ውኃ ናት» ብሎ መግባትስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ጨዋማ ውኃ ሞተር ውስጥ ከገባ መኪናው አበቃለት። ሾፌሩ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመችው ነጭ መጠለያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሊያወጡት በጀልባ የሚመጡት ግን በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው፣ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው!

የዓሣ አጥማጆቹ ደሴት እኮ የትም አትሄድም። ወደቡ ዳር የተገለበጡት አሮጌ የሄሪንግ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች፣ ሬንጅ ተቀብተው የዕቃ ማስቀመጫ የሆኑት፣ ነገም እዚያው ናቸው። ምን ያስቸኩላል? ውኃው አስፋልቱን ከነካ ተመለሱ!