ማስተካከያ፦ የስልክ ቁጥር መሙያ ሳጥን በፍላተር (የመተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ)
ቀደም ሲል ባወጣነው ማብራሪያ «ቁጥሩ በ09 ይጀምር፣ ርዝመቱን በ10 አሃዝ ገድቡት» ብለን ነበር። አጉድለናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥሮች በ07 ስለሚጀምሩ ሁለቱንም ተቀበሉ። የባሰው ግን ገደቡ ነው። ተጠቃሚው +251 ያለበትን ቁጥር ገልብጦ ሲለጥፍ የመደመር ምልክቱ ተጣርቶ 12 አሃዝ ይቀራል፤ ገደቡ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይቆርጣቸዋል። የቁጥር ኪቦርድ መምረጥም ብቻውን የሚለጠፍ ጽሑፍን አያግድም።

ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ጽሑፍ የሚያስተካክሉት ማጣሪያዎች (inputFormatters) የሚሠሩት በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ከአሃዝ ውጭ ያለውን አስወግዱ፣ ከፊት 251 ካለ በ0 ተኩት፣ የ10 አሃዙ ገደብ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቁጥሩን 4፣ 2፣ 2፣ 2 እያደረጋችሁ በክፍት ቦታ የምትከፋፍሉ ከሆነ ጠቋሚውን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት። መሃል ላይ አንድ አሃዝ የሚያርም ሰው በየንክኪው ጠቋሚው ይዘልበታል፤ በጣም ያሰለቻል። ከጠቋሚው በፊት ስንት አሃዝ እንዳለ ቁጠሩ፤ በተስተካከለው ጽሑፍም ያንኑ ያህል አሃዝ አልፋችሁ አስቀምጡት። ወደ ሰርቨር ስትልኩ ክፍተቶቹን አውጧቸው።