«ይሄን ሁሉ ምንጣፍ ማነው የሚጠርገው?»

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። የተወለደው እዚሁ አሜሪካ ነው። አማርኛ አሳምሮ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ብሄድ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አገኘሁት። ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ምን ሆነሃል?»

«ጋሼ፣ ነይ ይሄን እዪው» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ነው። ካሜራ የያዘ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሲቀርጽ ድንገት ይወድቃል። መሬቱ ዋጠው ማለት ይሻላል። ሲነሳ ቢጫ የግድግዳ ወረቀት የተለጠፈበት፣ መስኮት የሌለው፣ ወለሉ ምንጣፍ የሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ሌላ ክፍል። ከዚያም ሌላ። ሰው የለም። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ፍሎረሰንቶች ብቻ «ዝዝዝ» ይላሉ። ኋላ ላይ እንደ ተጠላለፈ ጥቁር ሽቦ ያለ ነገር ያባርረዋል። የእህቴን ልጅ ያስፈራው ግን ሽቦው አይደለም። «ክፍሎቹ ናቸው» አለኝ። «ባዶ ናቸው እኮ።»

ይሄኔ እህቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከወጥ ቤት መጣች። እትዬ ነው የምላት፤ ታላቄ ናት። ከኋላችን ቆማ ትንሽ አየች።

«ይሄን ሁሉ ምንጣፍ ማነው የሚጠርገው?» አለች።

እኔን ሳቅ አፈነኝ። ልጁ አልሳቀም። እትዬም ለቀልድ ያለችው አይደለም።

ነገሩ «ባክሩምስ» ይባላል። ከምናውቀው ዓለም ጀርባ ያሉ ክፍሎች እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስሙን ያልገለጸ ሰው ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ባዶ ቢጫ አዳራሽ ፎቶ ጋር ጥቂት መስመሮች ጻፈ። ሳትጠነቀቅ ከገሃዱ ዓለም ሾልከህ ከወደቅህ የምትገኘው እዚህ ነው አለ። የረጠበ አሮጌ ምንጣፍ ሽታ፣ ማለቂያ የሌለው ቢጫ፣ የመብራት ጩኸት። ስፋቱንም ነገረን፦ 600 ሚሊዮን ስኩዌር ማይል። ውቅያኖሱን ጨምሮ የምድርን ገጽ ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ቀጠለበት፣ ሌላው ጨመረበት። ባለቤት የሌለው ተረት ሆነ። በጃንዋሪ 2022 ኬን ፓርሰንስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ታሪኩን ወደ ፊልም ለውጦ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀው። ክፍሎቹን የሠራቸው ኮምፒውተር ላይ ነው። በሚሊዮኖች ታየ። በዓመቱ ኤ24 የተባለው የፊልም ኩባንያ ልጁን ራሱን ዳይሬክተር አድርጎ ለሲኒማ ሊያሠራው መሆኑ ተሰማ።

የፎቶው ነገር ደግሞ ይብሳል። ስንት ሰው የት እንደተነሳ ሲፈልግ ኖሮ በ2024 ተገኘ። ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ ሕንፃ ለሌላ ሱቅ ሲታደስ በ2002 የተነሳ ነው። እድሳት! የአንድ ትውልድ ቅዠት የእድሳት ፎቶ ሆኖ አረፈው።

እንዲህ ዓይነቱን ፊልም «ፋውንድ ፉቴጅ» ይሉታል። ሰዎቹ ጠፉ፣ የተገኘው ካሜራቸው ብቻ ነው፣ የምታዩትም እነሱ የቀረጹት ነው ይላል። ውሸቱን እውነት የሚያስመስለው ጉድለቱ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዋናው ነገር ሲመጣ ካሜራው ወደ መሬት ይዞራል።

በ1999 ጠንቋይ ፍለጋ ጫካ ገብተው ስለጠፉ ሦስት ወጣቶች የሚያወራው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ሲወጣ እዚህ አገር እውነት ነው ብሎ የተቀበለው ሰው ቀላል አልነበረም። ሠሪዎቹ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይደርስ የጠንቋይቱን «ታሪክ» ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ሦስቱ ተዋንያን የሚጠሩት በገዛ ስማቸው ነው። «ጠፍተዋል፣ ያያችሁ» የሚል ወረቀትም ተበትኗል። ከተዋንያኑ አንዷ ለሆነችው ለሄዘር ዶናሂው እናት የሐዘን ካርድ የላኩ ሰዎች ነበሩ፤ ልጅቷ በሕይወት እያለች! ታሪኩ የተቀመጠባት የሜሪላንዷ በርኪትስቪል ደግሞ ስሟን የያዘው የመግቢያ ምልክት በጎብኚ እየተነቀለ ተሰረቀባት። በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር የተቀረጸው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን የሚጠጋ አስገባ።

ያኔ እኔ አገር ቤት ነበርኩ። ፊልሙ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ደረሰ።

ቪዲዮ ቤታችን አግዳሚ የተደረደረበት፣ በሩ በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። የሚመጣው ካሴት የቅጂ ቅጂ ነው። ስለዚህ ምስሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም አልደነገጠም። ከኋላ አንዱ «ካሴቱን አስተካክል!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቱ ተነስቶ ማጫወቻውን በመዳፉ ጠፈጠፈው። አልተስተካከለም። ካሴቱን አወጣና እፍ ብሎበት መልሶ ከተተው። አሁንም ይንቀጠቀጣል። «ብራችንን መልስ» ተጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «አክተሩ ማነው?» የሚል ነበር። ያኔ ፊልም ማለት አክተር ነው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። እዚህ ግን አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ጫካ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ፣ ካርታቸውን ያጣሉ፣ ያለቅሳሉ። አክተሩን እንደጠበቅን ፊልሙ አለቀ። ጠንቋይቱም አልታየች። «ሳያልቅ ነው የቀዱት» ተብሎ ተወሰነ።

ለአሜሪካኖቹ ፊልሙ የሠራው የራሳቸውን የቤት ቪዲዮ ስለመሰለ ነው። የልጅ ልደት፣ የገና ማለዳ፣ የሽርሽር ቀን፣ ሁሉንም አባትየው እጁ እየተንቀጠቀጠ የቀረጸበት አገር ነው። የተንቀጠቀጠ ምስል ለእነሱ የቤተሰብ ነው፤ አይዋሽም። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ካሜራ የነበረው ሠርግ ቀራጩ ብቻ ነው። እሱም ሙሽሮቹን ጽጌረዳ ውስጥ ከትቶ በሰማይ ያንሳፍፋቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ቪዲዮ አይቶ «ይህስ እውነት ነው» አይልም። እኛ የምናምነው ተናጋሪውን ነው። «የአክስቴ ባል በዓይኑ በብረቱ ያየው ነው» ከተባለ ክርክሩ አለቀ።

ግን ጉረኛ አልሁን። ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ መሽቶ ነበር። ወደ ቤታችን የሚወስደው ቀጭን መንገድ በባሕር ዛፍ መሐል ነው የሚያልፈው። «ካሴቱን አስተካክል» ብሎ የጮኸው ልጅ ከሁላችንም ቀድሞ ሮጠ። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ።

ፓሪሶች በ1896 ሸራው ላይ ወደ እነሱ የሚመጣ ባቡር አይተው ከወንበራቸው ተነስተው ፈረጠጡ ይባላል። የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ይህን ሩጫ ይጠራጠሩታል፤ እሱ ራሱ ተረት ሳይሆን አይቀርም። አዲስ አበባ ግን ፊልም የሚታይበት ቤት መጀመሪያ ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ይወሳል። ይህን ስም በጣም ነው የምወደው። ሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞ፣ ከፍሎ መግባት!

እዚህ አገር መፍራትም የራሱ አደብ አለው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ዝም ተብሎ ይታያል። ያወራ ሰው ይገላመጣል። መጮህ የሚቻለው ሁሉም ሲጮህ ነው። ፍርሃቱ ራሱ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። በ2009 ለ«ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተሠራው ማስታወቂያ ከፊልሙ እኩል ተመልካቹን ነበር የሚያሳየው፤ በጨለማ በሚቀርጽ ካሜራ፣ ሰዎች ከወንበራቸው ሲዘሉ፣ ፊታቸውን ሲሸፍኑ። ፊልሙን ኦረን ፔሊ በገዛ ቤቱ፣ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የቀረጸው። አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ የባክሩምሱን ፊልም አይቶ ሲጨርስ ሌሎች ልጆች ያንኑ ፊልም ሲያዩ የሚያሳይ ቪዲዮ ይከፍታል። እነሱ ሲደነግጡ አብሮ ይደነግጣል። ለብቻው፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቢሆን ጎኑ ያለው ሰው ክንዱን ቆንጥጦ «አትግባ በለው!» ይለው ነበር።

ጨዋታው ጨዋታ ያልሆነበትም ጊዜ አለ። ፊት አልባውን ረጅም ሰውዬ፣ ስሌንደርማንን፣ ኤሪክ ክኑድሰን በ2009 ለፎቶ ማቀናበር ውድድር ነበር የፈጠረው። በ2014 ዋኪሻ፣ እዚያው ዊስኮንሲን፣ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች በስሌንደርማን ስም የክፍል ጓደኛቸውን በስለት ወጉ። ልጅቷ ተረፈች። በ2018 ስሙን የያዘ ፊልም ሲወጣ በአቅራቢያው ያሉ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች አናሳይም አሉ። ይህን ለእትዬ አልነገርኳትም። ብነግራት ስልኩን ያን ቀን ትቀማው ነበር።

የባክሩምሱን ፊልም አገር ቤት ላለው ለአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው አዩት። የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ ግማሹ ሳቅ ነው። «ብሮ፣ ይሄ ሁሉ ክፍል ባዶ? ደላላ አልደረሰበትም እንዴ?» ከኋላው ሌላ ድምፅ፦ «መብራትም አይጠፋም እኮ!» ሦስተኛው፦ «ብቻውን ነው አይደል ያለው? ታድሎ!»

በማግስቱ ግን የአጎቴ ልጅ ለብቻው ጻፈልኝ። «የመብራቱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም» ይላል።

ያን ድምፅ እኔም አውቀዋለሁ። እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ወር እትዬ የምትሠራበት የጽዳት ሥራ አስገባችኝ። የማታ ነው፤ የቢሮ ሕንፃ። ሠራተኛው ወጥቶ ሲያልቅ እኛ እንገባለን። እሷ የላይኞቹን ፎቆች፣ እኔ የታችኞቹን። ሁሉም ፎቅ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዓይነት ምንጣፍ፣ አንድ ዓይነት በር። አንድ ሌሊት አምስተኛ ፎቅ ወርጃለሁ ብዬ ስድስተኛውን ሁለቴ ጠርጌያለሁ። መብራቱ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ዝም ሲል የሚጠፋ ዓይነት ነው። ትንሽ ልረፍ ብለህ ቁጭ ስትል ጨለማ ይውጥሃል። ስለዚህ እጅህን እያወዛወዝክ ነው የምታርፈው። ሩቅ የሚያይህ ሰው ቢኖር ደህና ሁኑ የምትል ይመስለው ነበር። ግን የሚያይህ የለም። ቫኪዩሙን ስታጠፋው ያ «ዝዝዝ» ይመጣል። ሰዎቹን በመልክ አናውቃቸውም፤ ቆሻሻቸውን ግን እናውቃለን። ማን ከረሜላ እንደሚያዘወትር፣ ማን ወረቀት ጽፎ ጽፎ እንደሚቀድ፣ ማን በቅርቡ እንደተባረረ። የተባረረው ሰው ቅርጫት አንድ ቀን ይሞላና ከዚያ ባዶ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ እኩዮች ሰው የሌለበት ቦታ ነው የሚያስፈራን ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይተውት አያውቁም። ቀን በሰው ተሞልቶ ነው የሚያውቁት። ማታ እዚያ ሰው አልነበረም ግን አይባልም። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቫኪዩም የሚገፋ አንድ ሰው ሁልጊዜ ነበረ።

እትዬን ያኔ «ፈርተሽ አታውቂም?» ብያት ነበር። «አንዴ» አለች። የማይከፈተውን በር ከፍታ አላርሙ ጮኸ። ፖሊስ መጣ። ሁለት ባትሪ ዓይኗ ላይ አብርተው «ማነሽ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። እንግሊዝኛዋ ገና ነበር። ቫኪዩሙን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

ልጁ ይህን አያውቅም። እሱ ሳይወለድ የጀመረችውን ሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው የተወችው። የማታ ሥራ የሄደች እናት ለሕፃን ማለት ተኝቶ ሲነሳ ያለች እናት ናት፤ የት እንደነበረች አይጠይቅም።

ያን ቅዳሜ ግን ጠየቀ። ምንጣፉን ስትል ሰምቷታል።

«ማሚ፣ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ገብቼ?» አለች እትዬ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር እኮ።»

«ብቻሽን?»

«ከጋሼህ በፊት ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ እሱ መጣ፤ እሱም ይጠፋ ነበር።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አልካድኩም። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከጭንቅላቱ ላይ አወረደና ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ሰውዬው መታጠፊያው ላይ የቆመበት ቦታ አቆመው። ስልኩን ለእናቱ ዘረጋላት።

«በየት ነው የሚወጣው?»

እትዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እስቲ መነጽሬን አቀብለኝ» አለችው።