ይድረስ ለክቡር «2 ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ»

ጉዳዩ፦ ከበሩ ላይ ገለል እንዲሉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አንጠይቅም፤ እንደሚወፍሩ በየሳምንቱ እያየን ነው። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ሲገለጥ፣ ማታ የቴሌግራም የሥራ ቻናል ሲንጫጫ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው የእርስዎ ስም ነው። ከ«የትምህርት ደረጃ» ቀጥለው፣ «ብዛት 1» እና «ደመወዝ በስምምነት» የሚባሉትን ዓይን አፋር ጎረቤቶችዎን አስከትለው፣ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከግርጌ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የምትል መስመር አለች፤ ማን እንደሚያበረታታቸው ግን ተናግራ አታውቅም።

ማዕረግዎን እናከብራለን። የምንጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሰው ከየት እንዲያመጣቸው ነው ያሰቡት?

«ታናሽ ወንድሜ አለላችሁ» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ «0 ዓመት» የሚባል ወንድም አለዎት። አንዳንድ ባንክ ጀማሪ ባለሙያ ሲፈልግ ብቅ ይላል። ነገር ግን እሱም ብቻውን አይመጣም፤ «የምረቃ ዘመን 2016 እና 2017 ብቻ» የሚል ዘበኛ አስከትሎ፣ ዝቅተኛ የመመረቂያ ነጥብና የዕድሜ ገደብ አንጠልጥሎ ነው። በ2014 ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ሰው ለእሱ አርጅቷል፤ ለእርስዎ ገና አልተወለደም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የዲግሪ መስክ የመውጫ ፈተና መጣ። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ትምህርቱን ከጓደኞቹ ጋር ጨርሶ ፈተናውን በቀጣዩ ዙር ያለፈ ልጅ የምረቃ ዘመኑ የትኛው እንደሆነ እሱና መዝጋቢዋ በመስኮት ይከራከራሉ። የምታሸንፈው እሷ ናት፤ መስኮቱን መዝጋት የምትችለው እሷ ናትና።

በ0 እና በ2 መካከል ያለው ቦታ ላይ ስንት ሕዝብ እንደሰፈረ ቢያዩ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ይሉት ነበር።

የሠሩትም ቢሆኑ ከእጅዎ አላመለጡም፤ እርስዎ የሚያምኑት በወረቀት እንጂ በሥራ አይደለምና። ወረቀቱ ላይ የድርጅቱ አርማ፣ የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራ፣ ደመወዝ፣ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማህተም መኖር አለባቸው። ማህተሙ ደብዝዞ ካልተነበበ ተመለስ ነው። ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ ደግሞ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» የምትል ሐረግ ትጠበቃለች። እሷ ከሌለች ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሲዘጋ ኖሮም አልሠራም። የሚገርመው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 በወር እስከ 2,000 ብር የሚከፈለውን ሰው ከሥራ ግብር ነፃ አውጥቶታል። እንግዲህ «ለትራንስፖርት ይሁንህ» እየተባለ ከዚያ በታች የሚወረወርለት ተለማማጅ፣ ሕግ አትክፈል ያለውን ግብር የከፈለበትን ማስረጃ ሊያመጣልዎ ነው።

የቀኑን ጉዳይ ደግሞ እንዴት ችለው እንደሚያዩት አናውቅም። አንዱ ድርጅት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሁለቱም «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ማለቱን ይረሱታል። ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ያስቀመጠ መልማይ አመልካቹ ወደፊት ሄዶ ሠርቶ የተመለሰ ይመስለዋል። «እየሠሩ ይገኛሉ» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ የሚቆጠረው እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በፊት የተጻፈ ከሆነ ስድስት ወር ተቀነሰ ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት ደብዳቤው ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ላይ የቆመበት ሰው በዚህች ብቻ ይወድቃል። አዲስ ይጻፍልኝ ቢል ደግሞ አለቃው ከመነጽሩ በላይ አይቶት «ልትለቅ ነው እንዴ?» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አዋጁን ጠቅሶ የሚጠይቅ ሠራተኛ ማስረጃውንም፣ አንዳንዴም ስንብቱን፣ ባንድ ፖስታ ሊያገኝ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ላይ «አግባብነት ያለው» የምትል ቅጽል ጣል አድርገዋል። ንብረት ክፍል ዕቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው ለግዥ ሠራተኛነት ቢያመለክት አግባብ አለው ወይስ የለውም? እንደ መልማዩ ነው፤ መልማዩም እንደ ዕለቱ ነው። በዲፕሎማ የተሠራው ብዙ ቦታ «ከዲግሪ በፊት የተገኘ» ተብሎ ይጣላል። ልምምድ አይቆጠርም። በአጎት ሱቅ ሒሳብ መያዝ አይቆጠርም፤ አጎት ክብ ማህተም የለውማ።

ስለ ሰነዶቹ ብዙ አንልም። የዲግሪ፣ የትራንስክሪፕት ፊትና ጀርባ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የሥራ ልምድ፣ ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁለት ገጽ ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት አሥር አሥራ አንድ ገጽ ይሆናል። «ያቀረቡት ማስረጃ አይመለስም» ስለሚል በየቦታው እንደ አዲስ ይባዛል። «ኦሪጅናሉን ይዘው በአካል ይቅረቡ» የሚለው ዋናውን ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ወጪ መጋራቱን ሳይጨርስ እጁ ላይ ያለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ወጪ መጋራቱን የሚከፍለው ከደመወዙ ነው፤ ደመወዙ ያለው እርስዎ ከቆሙበት በር ኋላ ነው።

ለገንዘብ ያዥ፣ ለሽያጭ፣ ለንብረት ክፍል ሥራ ሲሆን «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚባል ባልደረባዎ ይመጣል። ይኼኛው ሰው ይፈልጋል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ ይሁን፣ ደመወዙ ከተቀጣሪው ደመወዝ አይነስ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ይሁን፣ መሥሪያ ቤቱም «ሥራ ሲለቅ እናሳውቃለን» ብሎ ይጻፍለት ይላል። ዘመዱ ሁሉ ነጋዴና ገበሬ የሆነ ልጅ እዚህ ጋ ያበቃለታል። ንብረት ያስይዝ ከተባለም የመኪና ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ነው፤ ሊብሬ ያለው ሰው በገንዘብ ያዥነት ባላመለከተ ነበር።

ኑሮ ደህና በነበረበት ጊዜም ያው ነበሩ፤ እንታገሥዎ ነበር። ችግሩ ገበያ ሲቀዘቅዝ እርስዎ መርዘምዎ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ በብድር የሚንቀሳቀሰው የግል ድርጅት መጀመሪያ ያቆመው አዲስ ቅጥር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስገባው ደግሞ ያሉትን ሠራተኞች መቁጠር ጀመረ። በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ በጤናው ዘርፍ ብቻ የ5,000 ሠራተኞች ኮንትራት ተቋረጠ፤ በየኤንጂኦው የነበረው ሹፌር፣ ሒሳብ ሠራተኛና ፕሮጀክት ኦፊሰርም ባንድ ጊዜ ገበያው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቅጥ አጣ። አሥር ዓመት የሠራው ሰው ሁለት ዓመት ለሚጠይቀው ቦታ ያመለክታል፤ መልማዩም ይህን አይቶ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ሁለቱን አራት ያደርገዋል። ለጸሐፊነት ዲግሪ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚነት ዲግሪና መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። አሥር ዓመት ያለው ደግሞ «ይኼ ሰው በዚህ ደመወዝ አይቆይልንም» እንዳይባል ከሲቪው ላይ ስድስቱን ዓመት ይፍቃል። አንዱ የሌለውን ልምድ ሲጨምር ሌላው ያለውን ይደብቃል፤ ሁለቱም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈው ሲጠባበቁ ያገኟቸዋል።

እርስዎ የማይታወቁበት ሰፈርም ነበር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች የልብስ ስፌት መኪና አይተው ሳያውቁ ይቀጠሩ ነበር፤ ሙያውን የሚማሩት እዚያው ነው። ደመወዙ የሚያስመካ አልነበረም፣ አንዋሽም። ቢሆንም «ልምድሽ የታለ?» አይባልም ነበር። በኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ በታኅሣሥ ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው ከአጎዋ ተሰረዝን። በሩ ጠበበ፣ እርስዎም እዚያ ደረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንምጣ። የጠቀስነው አዋጅ 1156/2011 ለአሠሪው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። በእነዚያ ቀናት ሠራተኛው ለቦታው የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ያሰናብተዋል። ሕጉ ይህን ያደረገው ሰውየው ይችል እንደሆነ በሥራ ላይ ይታይ ብሎ ነው። ታዲያ እርስዎ የማንን ሥራ ነው የሚሠሩት? አሠሪው 60 ቀን ማየት ሰነፈ፤ እርስዎን በር ላይ አቆመና ገብቶ ቡናውን ጠጣ።

ሙከራ ደግሞ 60 ቀንም አያስፈልገውም። ለሒሳብ ሠራተኛ ሁሌ «ፒችትሪ የሚችል» ትላላችሁ (የሒሳብ መዝገብ መያዣው ፕሮግራም ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ዓመታት አልፈዋል፣ ማስታወቂያ ጸሐፊው ገና አልሰማም)። አመልካቹን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጡት። የአምስት ሠራተኞች ፔይሮል ይሥራ፤ ጡረታውን ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ አድርጎ ካልያዘ ወይም የአሠሪውን 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከቀነሰው ወዲያው ይታወቃል። 15 በመቶ ቫት የተጨመረበት አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ስጡት፤ ጠቅላላውን ዋጋ በ15 በመቶ አባዝቶ ቫት ነው ካለ አልገባውም፤ በ1.15 ካካፈለ ገብቶታል። የአንድ ወር የባንክ መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ያስታርቅ፤ ያልተመነዘረው ቼክ የት እንደሚገባ እዚያው ይታያል። ይህ ሁሉ ከምሳ በፊት ያልቃል። ምሳ ሰዓት ላይ አሠሪው የሚያውቀው ነገር ክብ ማህተም በአሥር ዓመትም አይነግረውም።

በእርስዎ ስም የሚነግዱትንም ያውቋቸው ይሆናል። ወረቀትዎን በማህተም ጭምር አሳምረው የሚሸጡ አሉ፤ ለማጣራት ሲደወል ስልኩን የሚያነሳው «ሥራ አስኪያጅ» የሻጩ ወንድም ነው። እርስዎን ያጣ ወጣት መብራት እንጨት ላይ የተለጠፈውን «ልምድ አይጠይቅም፣ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአስቸኳይ» የሚለውን ያነብና ይደውላል። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መጀመሪያ «የምዝገባ» ብር፣ ከዚያ «የሥልጠና» ብር፣ ከዚያ ሱፍ የለበሰ ሰው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እያስጨበጨበ ሦስት ሰው አምጡ ይላል። የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ላይ ክፍያ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል፤ ማስረጃ ከማየቱ በፊት ብር የጠየቀ ቢሮ ካጋጠመ ደረጃውን መልሶ መውረድ ነው። ለእነዚያ ደንበኛ የሚመለምሉላቸው ግን እርስዎ መሆንዎን አይርሱ። በሩ ላይ ባይቆሙ ወደ አራተኛ ፎቅ ማን ይወጣ ነበር?

ጡረታ ይውጡ አላልንም። ክሬን ለሚያንቀሳቅስ፣ ለቀዶ ሕክምና ሰው ለሚያደነዝዝ፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ለሚወጣ ሰው ይቁሙበት፤ ሁለት ያሉትን አምስት ቢያደርጉትም አንከፋም። የምንለምንዎ ከጸሐፊው፣ ከገንዘብ ያዡ፣ ከጉዳይ አስፈጻሚውና ከጀማሪው ሒሳብ ሠራተኛ በር ላይ ገለል እንዲሉ ነው። ዘመዶቻችን «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናኑናል፤ የምረቃ ዘመን ገደብ እንዳለ ማንም አልነገራቸውም።

መልስዎን ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን። እንደምናውቀው ማስታወቂያው በቴሌግራም የሚደርሰን በስምንተኛው ቀን ስለሆነ፣ ለእርስዎም ሁለት ቀን ይበቃዎታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ደመወዝ በስምምነት» (ከማን ጋር እንደተስማሙ እንዲያሳውቁን)
ለ«በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»
ለ«ያለፉትን በስልክ እንጠራለን» (ስልካቸው ስለማይነሳ በአካል የሚደርስ)
ለተጠባባቂው፣ ማስታወቂያው ሳይወጣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው

አባሪ፦ 11 ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ የማይመለስ