ምስጢር የሚስበን መልሱን ፈልገን ነው ወይስ ምስጢሩን ወደን?

ለመልሱ የምትከራከረው፦
ሰው ያልታወቀ ነገር ላይ የሚንጠለጠለው ማወቅ ስለፈለገ ነው ባይ ነኝ። አንዱ ወሬ ጀምሮልህ መሃል ላይ "በቃ ተወው" ሲልህ እንቅልፍ ይነሳሃል እኮ። ብሉማ ዘይጋርኒክ የምትባል የስነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣችው ሙከራም ይሄንኑ ነው ያሳየው፣ ሰዎቹ ከጨረሱት ስራ ይልቅ የተቋረጠባቸውን ነበር አብልጠው ያስታወሱት።

ለምስጢሩ የሚከራከረው፦
እህቴ፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ወሬ እንደሚያንገበግብ አልክድም። ግን መልሱ ሲመጣ ስንቱ ነው የሚሰማው? አሜሪካ ዴዝ ቫሊ በረሃ ውስጥ ማንም ሳይነካቸው መሬቱ ላይ ዱካ እየተዉ የሚሄዱ ድንጋዮች አሉ፣ ስንት ነገር ተባለላቸው፣ ከዛ ተመራማሪዎች ጂፒኤስ የገጠሙባቸውን ድንጋዮች እዛው አስቀምጠው ጠበቁና እ.ኤ.አ. በ2014 መልሱን አወጡ፣ ሌሊት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ የሚሰራው ስስ በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰባበርና ቀላል ንፋስ ሲገፋው ድንጋዩን ይዞት ይሄዳል። እንዴት የሚያምር መልስ ነው! ግን ዛሬም ሰው የሚቀባበለው ተረቱን ነው፣ በረዶውን አይደለም።

እሷ፦
እና በረሃ ላይ ሁለት ዓመት ገደማ የጠበቁትን ሰዎች ምን ያዛቸው ታዲያ? ኤምኤች370 የሚባለውን የማሌዥያ አውሮፕላንም አስበው፣ ማርች 2014 ላይ 239 ሰው ይዞ ጠፋ፣ ስብርባሪው ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ተገኘ ግን ዋናው አካሉ ዓመታት ተፈልጎ አልተገኘም። ቤተሰቦቻቸው ምስጢሩን የወደዱት ይመስልሃል? ቁርጡን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

እሱ፦
እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ የሀዘንተኛ ጥያቄና የኛ ጥያቄ አንድ አይደለም፣ አንድ ላይ መጨፍለቄ ጥፋት ነው። እኔ የማወራው ከሩቅ ሆነን ስለምንወደው ነው። የቮይኒች ጽሑፍን እይው፣ ብራናው 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተሰራ ነው፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፣ ፊደሉን እስካሁን በትክክል ያነበበው የለም። ነገ ተነቦ የመድኃኒት ቅጠል ዝርዝር ሆኖ ቢገኝ እኔ የሆነ ነገር ይጎድልብኛል፣ በእውነት። ያልተፈታ ነገር ሲኖር ዓለም ሰፊ ሆና ነው የምትታየኝ።

እሷ፦
እኔ ደግሞ የቅጠል ዝርዝርም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። ከ600 ዓመት በፊት አንድ ሰው ተራ ቅጠል ሊጽፍ ማንም የማያውቀው ፊደል ውስጥ የደበቀው ከማን ነው?