የመጀመሪያዋ ቁጥር ጉድ

ውሳኔያችንን የሚዘውሩት ልብ የማንላቸው ነገሮች ናቸው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ግን ቁጥርን ዘለሉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ፊት ቁጥር ያለበት መንኮራኩር ይሽከረከር ነበር። ከዚያ ጥያቄ፦ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች ናቸው? 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፤ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45። ምን አገናኘው? ምንም!

እኔም ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ መጀመሪያ የጠራት ዋጋ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቸንክራ ቀረች። ትንሽ ሲቀንስልኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ሌላ ቦታ መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለኝም። አሁን ግን ዋጋ ከመስማቴ በፊት የራሴን ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ይሠራል።