ልጆች ፊት የሚከፈተውን ፊልም አንድ ወላጅ ቀድሞ ይየው

ባለፈው ሳምንት ከልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ መልእክት ደረሰን። በየወሩ ስለሚዘጋጀው የቤተሰብ ፊልም ምሽት ነው። እስካሁን ሁለት ሁለት ወላጆች በተራ ፊልሙን ቀድመን እናየው ነበር። ከእንግዲህ ይሄ ቀርቷል ይላል መልእክቱ። ፊልሙ «ጂ» ወይም «ፒጂ» የሚል የአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ ካለው ይታያል፤ በቃ።

ለምን ብለን ጠየቅን። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሁለት ምክንያት ሰጡን። አንደኛው፣ ባለሙያ ያየውን እኛ ደግመን ብናየው የምንጨምረው ነገር የለም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጆች እኮ ፊልም መሆኑን ያውቃሉ፣ አታካብዱ የሚል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው። እንዲህ የሚል ሰው የአምስት ዓመት ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ፊልም አይቶ አያውቅም። አይቶ ከሆነም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንጂ ልጁ ላይ አልነበረም። ጆአን ካንተር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ልጆች በፊልምና በቴሌቪዥን እንዴት እንደሚፈሩ ለዓመታት አጥንተዋል። ትንንሾቹን የሚያስፈራቸው መልክ ነው ይላሉ። «ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክ» በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ሰውየው ወደ አረንጓዴው ግዙፍ ሃልክ ሲለወጥ ትንንሾቹ ይሸበራሉ። ሰው ሊያድን መለወጡ የሚገባቸው ትልልቆቹ ናቸው። «ውሸት እኮ ነው» የሚለው ማባበያም ለትንንሾቹ እምብዛም አይሠራም። ታዲያ ምናቸውን ነው የሚያውቁት?

የእኔን ልጅ ልንገራችሁ። ስድስት ዓመቷ ነው። ለሁሉም ይሆናል የተባለ፣ «ጂ» የተጻፈበት ካርቱን ሳሎን ቁጭ ብለን እያየን ነበር። መሃል ላይ እናትየው እንስሳ ሞተች። ልጄ አላለቀሰችም፤ ድምፅም አላሰማችም። የሶፋውን ትራስ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና ፊልሙ እስኪያልቅ አልለቀቀችውም። እኔ ደስ ብሏት የተመሰጠች መስሎኝ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስነቃ አልጋዬ አጠገብ በጨለማ ቆማለች። ምን ሆንሽ ስላት «እማዬ፣ እየተነፈስሽ እንደሆነ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እንዲህ እየመጣች ትንፋሼን ታዳምጥ ነበር።

ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያን ዕለት እዚያው ሶፋ ላይ አጠገቧ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ የጠየቀኝ እራት መቼ እንደሚደርስ ነው። ፊልሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ፣ ሶፋው አንድ። የትኛው ባለሙያ ነው ይህን ልዩነት ከሩቅ ሆኖ የሚያውቀው?

ለመሆኑ ባለሙያ የተባሉት እነማን ናቸው? በአሜሪካ ለፊልም ደረጃ የሚሰጠው ቡድን አባላት ወላጆች ናቸው። የሥነ ልቦና ዲግሪ አይጠየቁም። ሥራውን የሚያገኙት ልጅ ስለሚያሳድጉ ነው። የአብዛኞቹ ስምም ለሕዝብ አይነገርም። ኮሚቴያችን ያደረገው እንግዲህ ይሄ ነው። የእኛን ልጆች በስም የሚያውቁትን ወላጆች አስቀርቶ፣ አይተዋቸው ለማያውቁ ወላጆች አስረከባቸው።

«ፒጂ» ማለት ምን ማለት እንደሆነስ አንብበዋል? የወላጅ ክትትል ይመከራል ማለት ነው። ለልጆች የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላል፣ ወላጅ ሆይ አንተ እየው ነው የሚለው። ኮሚቴው «ወላጅ ይየው» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ «ወላጅ ማየት አያስፈልገውም» ብሎ ወሰነ። ማስጠንቀቂያውን ፈቃድ አደረገው። ይህን መልእክት ስንት ጊዜ መልሼ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ።

አሁንም አልጨረስኩም። ይህ የደረጃ አሰጣጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1975 «ጆውስ» ወጣ፤ ሻርክ ሰው የሚበላበት፣ ባሕሩ በደም የሚቀላበት ፊልም። ደረጃው ፒጂ ነው። በ1984 «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ቴምፕል ኦፍ ዱም» ወጣ። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው በሕይወት እያለ ልቡ ከደረቱ በእጅ ተመንጭቆ ይወጣል። ይሄም ፒጂ ነው። ያኔ ወላጆች ተቆጡ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ በፒጂና በአር (ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በማይገባበት ደረጃ) መካከል ሌላ ደረጃ ያስፈልጋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላል የሚለው «ፒጂ-13» ተፈጠረ። ሁለቱ ፊልሞች ግን ዛሬም ፒጂ እንደሆኑ ናቸው። ወደ ኋላ ተመልሶ የቀየራቸው የለም። ስለዚህ በኮሚቴያችን አዲስ ሕግ መሠረት፣ በሚቀጥለው ወር የልብ መመንጨቁን ትዕይንት ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ማሳየት ይቻላል። ማንም ቀድሞ አላየውም፤ ደረጃው ግን ተሟልቷል። ፊልሙን ሠርቶ ያወጣው ሰው እንኳ ይሄ ደረጃ አይበቃም ካለ ከአርባ ዓመት በኋላ ኮሚቴያችን ይበቃል አለ።

እነዚህ የድሮ ፊልሞች ናቸው፣ ዛሬ ጠብቋል የሚል ይኖራል። ጠብቆ ቢሆን ደስ ባለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ከ1992 እስከ 2003 የተሠሩ ፊልሞችን መርምሮ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ያው ደረጃ ዓመት በገፋ ቁጥር ይበልጥ ላልቷል። በ2013 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በፒጂ-13 ፊልሞች ውስጥ የመሣሪያ ጥቃት ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። አንዲት ነውር ቃል ደጋግማ ከተነገረች ፊልሙን ብዙውን ጊዜ ወደ አር ትገፋዋለች። ጥይት ግን ደም እስካልታየ ድረስ እንደልቡ ይተኮሳል። ቃል ይቆጥራሉ፣ ደም ይለካሉ። እናት ሞታ አጠገቧ ቆሞ የሚጣራ ግልገል በምን ይለካል? ፍርሃት በምን ይቆጠራል?

ሁሉም አገር እንደዚህ አይደለም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከዕድሜው ጎን ምክንያቱን በሥዕል ታሳያለች። የሚያስፈራ ነገር ካለ የሸረሪት ሥዕል ይደረግበታል። ቢያንስ ወላጅ የሚጠብቀውን ያውቃል። ያም ሆኖ ሸረሪቷም ልጄን አታውቃትም።

ደረጃው ምንም አይጠቅምም አላልኩም። አር የተጻፈበትን ፊልም ሳይከፍቱ ለማስቀረት ይጠቅማል። ከዚያ አያልፍም።

ጊዜ የለንም የሚለውን ሰበብ ግን አልቀበልም። አንድ ፊልም ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በተራው ውስጥ የነበርነው ወላጆች ሃያ ሦስት ነን። ፊልሙ በወር አንድ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ብንካፈለው ተራው ለአንድ ሰው በዓመት አንዴ ገደማ ነው የሚደርሰው። በዓመት ሁለት ሰዓት ለልጆቻችን የለንም? ሙሉውን ማየት ያቃተው ሰው እንኳ ሌሎች ሰዎች አይተው በፊልሙ ውስጥ ያለውን የጻፉባቸው ድረ ገጾች አሉ። ኮመን ሴንስ ሚዲያ አለ፤ አይኤምዲቢ ላይ የወላጆች መመሪያ የሚባል ክፍል አለ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይሄን ያህል እንኳ አልተሞከረም። ትሬለሩን የከፈተ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ቅዳሜ የሚታየውን ፊልም ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻዬን አየሁት። ጥሩ ፊልም ነው። ያስቃል፣ ሙዚቃውም ደስ ይላል። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን ትንሿ ልጅ ጎርፍ ውስጥ ከእናቷ እጅ ታመልጣለች። ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ጨለማ ይሆናል፤ የሚሰማው የልጅቷ ጥሪ ብቻ ነው። እናትና ልጅ የሚገናኙት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን ለኮሚቴው ጻፍኩ። ትንንሾቹ ያሏቸው ወላጆች ያን ሰዓት አጠገባቸው ይቀመጡ፣ እንደሚገናኙም ቀድመው ይንገሯቸው አልኩ። እስካሁን መልስ የለም። ስለዚህ ለማውቃቸው እናቶችና አባቶች አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው፤ እስካሁን ዘጠኝ ደርሻለሁ። ለልጄም ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁ ነገርኳት። «ትገኛለች?» አለችኝ። ትገኛለች አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ? አይተሽዋል?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ አልኳት።